ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ሰዉ አንቀላፋ፦ የገጠር የጽሞና ማረፊያ ችግርና መፍትሄ

ለሜዲቴሽን የሚሠራ ቤት ከተራ ቤት ይከብዳል። ተራ ቤት ውስጥ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ያወራል፣ ቲቪ ይከፍታል፤ ጥቃቅን ጉድለት አይታየውም። እዚህ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወለል ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ሊል ነው። ሲጢጥ የሚለው በር፣ የወለሉ ቅዝቃዜ፣ የመጸዳጃው ሽታ፣ ሁሉም መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። በጭቃና በእንጨት ልትሠሩ ከተነሳችሁ ከሚከተሉት አንዱ መግጠሙ አይቀርም።

ምርጊቱ ሳይሰነብት ተሰነጠቀ

አፈሩ ሸክላ በዝቶበታል። ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሌላው ምክንያት ችኮላ ነው፤ ወፍራም ምርጊት ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው ላዩ ይደርቅና ውስጡ ገና እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ቷ ማለት ነው።

መጀመሪያ አፈራችሁን እወቁት። ግልጽ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉበት፣ ጨው ቆንጠር አድርጉ፣ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ንብርብሩን በዓይን ትለያላችሁ። ሸክላው ሲሶ ከደረሰ አሸዋ ያስፈልገዋል። ምን ያህል? እሱን ከጠርሙሱ ይልቅ ግድግዳውን ጠይቁ። ለአንድ እጅ አፈር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እጅ አሸዋ እያደረጋችሁ፣ ጭድ ሳትረሱ፣ ሦስት ትንንሽ ሙከራ ለጥፉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ያልተሰነጠቀውና በጣት ሲታሽ የማይረግፈው የእናንተ ልክ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብታዩ አትደንግጡ፤ እንዲያውም ለሁለተኛው መያዣ ትሆነዋለች።

የግድግዳው እግር ይረጥባል፣ ይላጣል

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቤቱን የሚገድለው ብዙ ጊዜ መፍትሄ ተብሎ የሚደረገው ነገር ነው። ውሃው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛ፣ ከመሬት በግድግዳው ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል። ሁለተኛ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ይረጫል። ሰው ይሄን ሲያይ ሲሚንቶ ይለስናል። ያምራል፣ አይካድም። ግን የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን የሚያስወጣው በፊቱ ነው፤ ፊቱን በሲሚንቶ ስትዘጉት ውሃው ውስጥ ይታሰራል። እኔም አድርጌዋለሁ። ከሁለት ክረምት በኋላ ልስኑን ስናነሳው ውስጡ ያለው ጭቃ በማንኪያ ይዛቅ ነበር።

ሲሚንቶ ካለ አንሱት፣ ግድግዳው በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በጭቃ ወይም በኖራ መልሱት። ኖራ ውሃን ይከላከላል፣ እርጥበትን ግን ያስተነፍሳል። የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ስለሆነ ለቀናት ውሃ እያርከፈከፋችሁ ከፀሐይ ጋርዱት። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ያለ መነጽርና ጓንት አትንኩት። ከግድግዳው ሥር ቦይ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉ። ገና የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፦ የድንጋይ መሠረቱን ከመሬት በላይ 40 ወይም 50 ሴንቲሜትር አውጡት፣ የጣሪያውን ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር አሳልፉት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ያንቀላፋል

አስተማሪው ምሳ በዝቷል ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ቁጭ ያለ ሰው በሰዓት ወደ 18 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። 30 ሰው 540 ሊትር ማለት ነው። አዳራሹ 80 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ 240 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሁሉም ነገር ተዘግቶ አንድ ሰዓት ከተቀመጡ የጋዙ መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ በ2,250 እጅ ያህል ይጨምራል። የውጭው አየር ከ400 ትንሽ ከፍ ይላል፣ 1,000 ካለፈ ክፍሉ የታፈነ ይመስላል። እንግዲህ ምሳውን ተዉት።

መስኮት ይከፈት ማለት አይበቃም፣ ምክንያቱም የበረደው ሰው ተነስቶ ይዘጋዋል። በአንዱ ወገን ዝቅ ብሎ፣ በሌላው ወገን ከጣሪያው ሥር ማንም የማይዘጋው ክፍተት ተዉ። ሞቃት አየር በላይኛው ሲወጣ በታችኛው አዲስ ይገባል። የታችኛው ግን በሰው ጀርባ ትክክል አይሁን፣ ስድብ ያመጣባችኋል።

ክብ አዳራሹ ውስጥ ሳል ይዞራል

ክብ ቤት ለዓይን ደስ ይላል፤ ለጆሮ ግን ጎድጓዳ ግድግዳ ድምፅን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ይመልሳል። መሐል የተቀመጠው ምስኪን የሁሉንም ጉሮሮ ይሰማል። ግድግዳውን አታለስልሱት፤ ጭድ በበዛበት ሻካራ ምርጊት ተዉት፣ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ወይም ስጋጃ በየቦታው ስቀሉበት።

ወለሉ ይበርዳል፣ ይቦናል

ብርዱ ከታች ነው። ከጭቃው ወለል ሥር መጀመሪያ ጠጠር፣ ቀጥሎ ጭድ የበዛበት ቀላል ጭቃ ከሌለ ምንጣፍ ብቻውን አያድናችሁም። አቧራው ደግሞ ወለሉ ዘይት ስላልጠጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የተልባ ዘይት አሞቁና በየመሐሉ እያስደረቃችሁ አራት አምስት ጊዜ ቀቡት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉ፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ከቀርከሃው ዱቄት ይረግፋል

ነቀዝ ገብቶታል፣ የሚበላውም ውስጡ ያለውን ስታርች ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ቀርከሃ አትቁረጡ፤ የተቆረጠውን በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ ዘፍዝፉት። አንዴ የተቦረቦረውን ግን ቀይሩት፣ ማስታመም የለውም።

መጸዳጃው ይሸታል

ብስባሽ የሚያዘጋጅ ደረቅ መጸዳጃ ከሸተተ ዘጠና በመቶ ሽንት በዝቶበታል ብላችሁ ተነሱ። ሽንቱን በሌላ መስመር አስወጡት፤ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ ጣሳ ሰጋቱራ የሚጨምሩበት ዕቃ እዚያው ይቀመጥ። ከጉድጓዱ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ጥቁር የተቀባ ቱቦ አቁሙ፣ አፉን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ። ፀሐዩ ቱቦውን ሲያሞቀው ሽታውን ወደ ላይ ይስበዋል።

ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ጠጠር እንዳታለብሱት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አንድ ሰው ሽንቱ መጥቶ ሲወጣ ቅርጭም ቅርጭም እያለ መላውን ግቢ ይቀሰቅሳል። ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ።