አላይነር ለምታደርጉ፣ ቡናው ላይ ተጠንቀቁ

የጥርስ ሽቦ ጠልታችሁ አላይነር፣ ማለትም ያንን ጥርስ የሚያስተካክለውን ወልቆ የሚገባውን ግልፅ ፕላስቲክ ለማድረግ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰውን የሚሸውደው "ሲያሰኝህ ታወልቀዋለህ" የሚለው ነገር ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት፣ ስለዚህ ለምግቡም ለቡናውም ለመቦረሹም የቀረቻችሁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ናት። እኛ ቤት ደግሞ እሁድ ቡና ከተፈላ አቦል ቶና በረካ እስኪባል እሷኑ ትጨርሳለች፣ መጀመሪያ አካባቢ አውልቄ ወሬ ስጠርቅ ማታ ነበር ትዝ የሚለኝ፣ ከዛ መልሼ ስከተው ጥርሴን ወጥሮ ይይዘኝና እንቅልፍ የለም። አሁን አቦሏን ጠጥቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ ወዲያው እከተዋለሁ፣ እማዬ "በረካውን ትተሽ?" ብላ ብትቆጣም።

እንደገባ ቡና ልጠጣ እንዳትሉ፣ ቀለም ይይዛል፣ ትኩስ ነገርም ያጣምመዋል። በሙቅ ውሃም አትጠቡት፣ ቀዝቃዛ ወይ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

ምግብ ቤት ስትገቡ ደግሞ በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡ!! አስተናጋጁ ከትርፍራፊው ጋር ጠርጎት ይሄዳል (ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እጄን ከትቼ ፈልጌያለሁ፣ አትሳቁ)። ማስቀመጫውን ቦርሳ ውስጥ ያዙ። አላይነሩ በየጊዜው በአዲስ ስለሚቀየር፣ የበፊቱንም ቶሎ አትጣሉት፣ አዲሱ ቢጠፋ ወይ ቢሰበር ሐኪሙ ምትኩ እስኪደርስ እሱን አድርጊ ሊላችሁ ይችላል። እና ሕክምናው ሲያልቅ ጥርሱ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ማታ ማታ የሚደረግ ሪቴይነር የሚባል መያዣ አለ፣ ዋጋ ስትስማሙ እሱ ተካቶ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠይቁ።