ዲስጋስቲንግ ማን ነው? እኔ ወይስ ቅቤው?

“ዲስጋስቲንግ” (ቀፋፊ) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የተማርኩት አፍሬ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት የያዙት የከረመ ቅቤ የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ክዳኑን ለቀቀ። መስኮት ልክፈት ብል “ንፋስ ይመታናል” ተብዬ ተከለከልኩ። (መቼም ከሽታ ይልቅ ንፋስ እንፈራለን።) ኮምቦልቻ ስደርስ የሚጠብቀኝን የውጭ አገር መምህር “አይ አም ዲስጋስቲንግ” አልኩት። “ቀፈፈኝ” ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው “እኔ የምቀፍ ሰው ነኝ” ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና “ኖ፣ ኖ!” አለ።

ጥፋቱ የመጣው ከአማርኛችን ነው። “ቀፈፈኝ”፣ “አንገሸገሸኝ” ስንል ቀፋፊው ነገሩ ነው። እኛ ያለነው መጨረሻዋ “ኝ” ውስጥ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱን በሁለት ቃል ይለያቸዋል። ለቀፋፊው “ዲስጋስቲንግ”፣ ለ“ኝ”ዋ ባለቤት “ዲስጋስትድ”። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ አስቡትና “ኝ”ዋን ፈልጉ። ሽታው ይቀፋል፦ “ዘ ስሜል ኢዝ ዲስጋስቲንግ”። ሽታው ቀፈፈኝ፦ “አይ አም ዲስጋስትድ ባይ ዘ ስሜል”። በሰው ከሆነ የተንገሸገሻችሁት “ባይ” ሳይሆን “ዊዝ” ብትሉ ያምራል።

ሲነበብ “ጋስ” የምትለዋን ጠበቅ አድርጉ። ቃሉ ራሱ ብርቱ ስለሆነ “ቬሪ” ብዙም አይስማማውም፤ “አብሶሉትሊ” (ፍጹም) ያስቀድሙለታል።

ሥሩ ምላስ ላይ ነው። በላቲን “ጉስቱስ” ጣዕም ነው፤ “ዲስ” ደግሞ ያፈርሰዋል። ልክ እንደኛ “አንገሸገሸኝ”፤ እሱም ከጉሮሮ ተነስቶ እስከ ሰው ጠባይ ደርሷል። ዛሬ ቃሉ ለጉቦም፣ መንገድ ላይ ሴት ልጅን ለሚሳደብ ሰውም ይሆናል። ለእኔ እንዲያውም እዚያ ላይ ነው የሚያምርበት።

የማይሆንበት ቦታ ሰው ቤት ነው። የቀረበላችሁ ምግብ ካልተመቻችሁ “ኢትስ ኖት ፎር ሚ” በሉ፤ እኔን አይስማማኝም እንደማለት ነው። ፊቱ ላይ “ዲስጋስቲንግ” ያላችሁት አብሳይ ሁለተኛ አይጠራችሁም። ጥሬ ሥጋችንን አይቶ እንዲህ ያለ እንግዳ ቢኖር እናንተስ ዝም ትሉታላችሁ?

ለነገሩ ያ መምህር “ኖ፣ ኖ” ሲል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሽቶ ነበር። ማታ ቀሚሴን ሳወልቅ ነው የገባኝ፤ ከቅቤው ግማሹ እኔ ላይ ነበር።