ረከቦትን በእጅ መሣሪያ ያለ ሚስማር መሥራት

በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥሩ የእንጨት ዕቃ መሥራት ለሚማር ሰው ከረከቦት የተሻለ የመጀመሪያ ሥራ የለም ብዬ አምናለሁ። ብዙ እንጨት አይፈጅም፣ በጠባብ ክፍልም ይሠራል፤ ሆኖም አራት እግር፣ አራት አግዳሚና አንድ ገበታ ስላለው ከትልቅ የምግብ ጠረጴዛ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያ የለውም። ረከቦት ግን የሚቆመው በመጋጠሚያው ነውና የሙያው ፈተና ሁሉ በትንሹ ይገኝበታል። ለዚህ መመሪያ ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 35፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ረከቦት እንወስዳለን፤ እግሮቹ 4 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ አግዳሚዎቹ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖራቸዋል።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል። ዋንዛ ለመላግ አያስቸግርም፣ ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም፣ መልኩም ያለ ማቅለሚያ ያምራል፤ ከበሮና በርጩማ ሠሪዎች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ወይራ ውብ ቢሆንም ጥንካሬው የጀማሪን መሮ ቶሎ ያዶለዱማል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ዋንዛ እንደ ዝግባ፣ እንደ ጥድና እንደ ኮሶ ሁሉ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ የተጠበቀ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ሻጩን የጣውላውን ምንጭ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጣውላ ከአዲሱ ይልቅ ይማርከኛል፤ ሚስማሩ ተለቅሞ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት የደረቀ እንጨት ይገኛልና።

አዲስ ጣውላ ከተገዛ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው፣ ነፋስ ግን በሚያልፍበት ቦታ መድረቅ አለበት፤ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የቆየ የአናጺዎች ግምት እስካሁን ያገለግላል። በሚገባ የደረቀ እንጨት እንኳ በክረምት እርጥበት ስቦ ይሰፋል፣ በበጋ ደግሞ ይጠባል። ይህ ለውጥ በርዝመቱ በኩል ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ በኩል ግን 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሊንቀሳቀስ ይችላል። ገበታው ዙሪያውን በሚስማር ከተቸነከረ መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ሠሪው እንጨቱን ይወቅሳል እንጂ ሚስማሩን አያስብም።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ሁለት መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ 6፣ 12 እና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት መሮዎች፣ የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን ማስመሪያ)፣ ስለታም ቢላ፣ ሞርሳ (እንጨት ጨምቆ መያዣ) እና የመሳያ ድንጋይ። መጋዙ ሁለት የሚሆነው፣ እንጨትን በርዝመቱ የሚሰነጥቀው ጥርሱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተሞረደ ሲሆን አግድም የሚቆርጠው ግን ጥርሱ በጎን በኩል ሾሎ የእንጨቱን ክር እየበጣ ስለሚያልፍ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ሥራውን ያዘገያል፣ ጠርዙንም ያበላሻል። ገንዘብ ካጠረ ሌላው ሁሉ ይቅርና ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ይገዛ፤ ርካሽ መሮ በደንብ ሲሳል ካልተሳለ ውድ መሮ ይበልጣልና።

ከሱቅ የመጣ መሮ ወይም የመላጊያ ምላጭ እንደመጣ ለሥራ የተዘጋጀ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። በመጀመሪያ የመሮው ጀርባ፣ ማለትም ጠፍጣፋው ገጽ፣ ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ከአፉ ጀምሮ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህሉ መስታወት እስኪመስል ድረስ ይፈተጋል። ይህ አድካሚ ሥራ ለአንድ መሮ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ቀጥሎ ተዳፋቱ ገጽ በ25 ዲግሪ ይሳላል፣ የአፉ ጫፍ ብቻ ደግሞ በ30 ዲግሪ ገደማ ጥቂት ጊዜ ይታሻል፤ የእጅ አንጓ ሳይንቀሳቀስ ሰውነት ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢሄድ ማዕዘኑ አይዛነፍም። በጀርባው በኩል ጣት ሲዳስሰው የሚሻክር ቀጭን የብረት ጠርዝ በአፉ ስፋት ሙሉ ከወጣ በዚያ በኩል ያለው ሥራ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ ጀርባውን መልሶ በማስተኛት ያንን ሻካራ ጠርዝ ማንሳትና በመጨረሻም ቆዳ ላይ ጥቂት ጊዜ ማለስለስ ይገባል። ስለቱን በጣት ከመፈተን ይልቅ ለስላሳ እንጨት አግድም በተቆረጠበት ጫፍ ላይ መሞከር ይሻላል። መሮው የቆረጠው ገጽ ካብረቀረቀ ተስሏል፤ ገጹ ነጣ ያለና የተፈረፈረ ከሆነ ግን አልተሳለም።

መላግ የሚጀመረው ከአንዱ ሰፊ ገጽ ነው። ሁለት ፍጹም ቀጥ ያሉ ዘንጎች በጣውላው ሁለት ጫፎች ላይ አግድም ተቀምጠው ከአንዱ ጫፍ ዝቅ ብሎ በዓይን ሲታዩ ጠርዞቻቸው ትይዩ ካልሆኑ ጣውላው ተጠማዟል፤ ከፍ ያለው ማዕዘን እየተላገ ይስተካከላል። መላጊያው እንጨቱን እየገነጠለ ከሄደ ከእንጨቱ ክር በተቃራኒ እየሄደ ነውና ጣውላውን ማዞር ያስፈልጋል። ፍቅፋቂው ቀጭንና ሳይቆራረጥ እየተጠቀለለ ሲወጣ አቅጣጫውም ስለቱም ትክክል ናቸው። የተስተካከለው ገጽ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ ከእርሱ ይነሣል።

ለማስመር እርሳስ የሚበቃው ለሻካራ ሥራ ብቻ ነው። የመጋጠሚያ መስመር በስኳድራ ተደግፎ በቢላ ይበጣል፤ የቢላ መስመር ውፍረት ስለሌለው መሮው ራሱ ገብቶ ይቀመጥበታል። አራቱ እግሮች ጎን ለጎን በሞርሳ ተይዘው በአንድ ጊዜ ቢሰመሩ እያንዳንዱን በሜትር ከመለካት የሚመጣው ልዩነት ይቀራል።

መጋጠሚያው በአግዳሚው ጫፍ ላይ የሚወጣ ምላስና በእግሩ ላይ የሚፈለፈል ቀዳዳ ነው። እንጨትን ያለ ሚስማር በእንጨት ማሰር ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ወጥተው የሚታዩት፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የእንጨት ጫፎች በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙትን እንጨቶች አቋርጠው የሚይዙ ናቸው። ለረከቦቱ የምላሱ ውፍረት የአግዳሚውን ሲሶ ያህል ይሁን፤ በተግባር ግን የሚወስነው የመሮው ስፋት ስለሆነ 6 ሚሊ ሜትር እንበል። ቀዳዳው ከምላሱ አስቀድሞ ይሠራል፤ ምላስን ወደ ቀዳዳ ማስተካከል ቀላል ነው፣ ቀዳዳን ወደ ምላስ ማስተካከል ግን ያስቸግራል። እግሩ ከላይ በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተውለት፤ ይህ ትርፍ በሚፈለፈልበት ጊዜ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። ምላሱም የአግዳሚውን ሙሉ ስፋት ሳይይዝ ከላይ በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ቀዳዳው ወደ እግሩ አናት አይከፈትም።

ሲፈለፈል መሮው ቀጥ ብሎ መቆሙን ከጎን የቆመ ስኳድራ ያሳያል። ከቀዳዳው መካከል ተነሥቶ በየ3 ሚሊ ሜትሩ እየመቱ ወደ ጫፎቹ መሄድ፣ የተቆረጠውንም እየጠረጉ ማውጣት ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስከ መጨረሻው ይተዋል፣ መሮው ሲፈነቅል የሚደገፍበትን ጠርዝ ይጨፈልቀዋልና። ጥልቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን መሮው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ምልክት ቢደረግ ይበቃል። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ሁለቱ ቀዳዳዎች ስለሚገናኙ የምላሶቹ ጫፍ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል።

ምላሱ ሲቆረጥ መጋዙ መስመሩን ሳይነካ በሚጣለው ወገን ይሄዳል። በእጅ ግፊት ብቻ እየጠበቀ የሚገባ ምላስ ትክክለኛ ነው። በመዶሻ ካልሆነ የማይገባ ከሆነ እግሩን ይሰነጥቃል፣ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ኮላ አያድነውም፤ በጎኑ ስስ ፍቅፋቂ ለጥፎ ማወፈር ግን ይቻላል።

ከኮላ በፊት ሁሉም ነገር በደረቁ ተገጣጥሞ ይታያል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚለኩት ሁለቱ ሰያፍ ርዝመቶች እኩል ከሆኑ እግሮቹና አግዳሚዎቹ የሠሩት ክፈፍ አልተንጋደደም። ኮላው መጀመሪያ በሁለቱ አጭር ጎኖች፣ እነርሱ ከደረቁ በኋላ በረጅሞቹ ላይ ይደረጋል፤ ሞርሳ ካነሰ ዙሪያውን ገመድ አሥሮ በዱላ መጠምዘዝ ያው ነው።

ገበታው ከሁለት ወይም ከሦስት ጣውላ ጠርዝ ለጠርዝ በኮላ ይያያዛል፤ ጠርዞቹ ተገጥመው ብርሃን ካሳለፉ እንደገና ይላጋሉ። ከክፈፉ ጋር የሚያያዘው በሚስማር ሳይሆን፣ በአግዳሚዎቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ በተፈለፈሉ ጎድጎዶች ውስጥ ምላሳቸው በሚገባ፣ ከገበታው ሥር በብሎን በሚታሰሩ ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ነው። በረጅሞቹ አግዳሚዎች በኩል ያሉት ቁራጮች ከአግዳሚው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቁ፤ ገበታው በክረምትና በበጋ የሚንቀሳቀሰው በዚያ ክፍተት ነው።

በመላጊያ የለሰለሰ ገጽ ብዙ ብርጭቆ ወረቀት አይፈልግም። ለማጠናቀቂያ የተልባ ዘይት እመርጣለሁ፤ የኑግ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ እንደተጣበቀ ይቆያል፣ ሰም ደግሞ ትኩስ ሲኒ ሲቀመጥበት ይለሰልሳል። ዘይቱ በስሱ ተቀብቶ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንጨቱ ያልጠጣው ተጠርጎ፣ ለጥቂት ቀናት ከደረቀ በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደገማል። የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተተወ ዘይቱ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ሰጋቱራ ካለበት ክፍል ወጥቶ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።