ከማርና ከስኳር የሚገኝ ፕሮቲን፦ የአገርን አዝማሚያ ከፋኦ ሠንጠረዥ እንዴት እናነባለን?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለየአገሩ የምግብ ሚዛን ሠንጠረዥ ያወጣል። በዚያ ሠንጠረዥ «ስኳርና ጣፋጮች» በሚለው ምድብ ሥር የፕሮቲን አቅርቦትን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው 0.00፣ 0.01 ወይም 0.02 ነው። ይህ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርስ ግራም ነው። ከ0.01 ወደ 0.02 ሲዘል አይቶ «በእጥፍ አደገ» ማለት ቀላል ነው፤ ሲመረመር ግን ጭማሪው ከቁጥር ማጠጋጋት የመጣ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያን ምሳሌ አድርገን አሠራሩን እንይ።

1. ፕሮቲኑ ከየትኛው ጣፋጭ እንደሚመጣ ይለዩ

ነጭ ስኳር ፕሮቲን የለውም፤ የጠራ ሱክሮስ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ፣ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ በካሎሪ ሒሳብ ትልቅ ነገር ናቸው፣ በፕሮቲን ሒሳብ ግን ዜሮ። ስለዚህ የስኳር ፍጆታ ጨመረ ብሎ ፕሮቲን መፈለግ ድካም ነው።

በእኛ አገር ለዚህ ምድብ ፕሮቲን የሚያዋጣው በዋናነት ማር ነው፤ ያውም በ100 ግራም 0.3 ግራም ገደማ ብቻ። እሱም ከአበባ ብናኝና ንቧ ራሷ ከምታመነጨው ኢንዛይም የሚመጣ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው ጥሬ ማር ሰፈፍና ብናኝ፣ አንዳንዴም እጭ ስለሚቀላቀልበት ከተጣራው ትንሽ ሊበልጥ ይችላል። ሌላ አገር ሲያጠኑ ደግሞ ሌላ ምንጭ ይፈልጉ፤ ለምሳሌ ህንድ ውስጥ ከአገዳ ጭማቂ ሳይጣራ የሚሠራው ጉር በብዛት ይበላል፣ በውስጡም ጥቂት ፕሮቲን ይቀራል።

2. ሠንጠረዡን ያውርዱ

ፋኦስታት በሚባለው የፋኦ የመረጃ ድረ ገጽ ላይ የምግብ ሚዛንን ይክፈቱ፣ አገሩን ይምረጡ፣ ከዚያ የፕሮቲን አቅርቦትን ብቻ ሳይሆን በቶን የተቀመጠውን የምርትና የምግብ መጠንም አብረው ይውሰዱ። ምድቡን በጅምላ አይውሰዱ፤ ማርን ለብቻው፣ ስኳርን ለብቻው ያውጡ። ከቁጥሩ አጠገብ ይፋዊ ነው፣ ግምት ነው ወይስ በስሌት የተሞላ ነው የሚል ምልክት አለ። ይህን ዓምድ አይሰርዙት፤ በኋላ ያስፈልግዎታል።

3. ራስዎ ያስሉት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ስሌቱ እንዲቀልል ክብ ቁጥሮች እንውሰድ፦ 50,000 ቶን ማር፣ 110 ሚሊዮን ሕዝብ።

50,000 ቶን ማለት 50 ሚሊዮን ኪሎ ነው። ለ110 ሚሊዮን ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 455 ግራም ገደማ ይደርሳል። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 1.25 ግራም። ከዚህ ውስጥ ፕሮቲኑ 0.3 በመቶ ነው፤ 0.0037 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እንግዲህ በዚህ ስሌት አንድ ሰው የአንድ እንቁላልን ፕሮቲን ከማር ለማግኘት ከአራት ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት።

ሠንጠረዡ ሁለት አስርዮሽ ብቻ ስለሚያሳይ 0.0037 የሚታየው 0.00 ሆኖ ነው። 0.01 ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 0.005 መድረስ አለበት፤ ለዚያ በተመሳሳይ የሕዝብ ብዛት 67,000 ቶን ገደማ ማር ያስፈልጋል። አሁን ልብ ይበሉ፦ ምርቱ ከ50,000 ወደ 66,000 ቶን ቢያድግ፣ ማለትም 32 በመቶ ቢጨምር፣ ሠንጠረዡ ንቅንቅ አይልም። ከ66,000 ወደ 68,000 ቶን፣ 3 በመቶ ብቻ ሲጨምር ግን «ከምንም ወደ 0.01» ይዘላል። ትልቁ ዕድገት ተሰውሮ ትንሹ ገንኖ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ አዝማሚያውን በፕሮቲኑ ዓምድ ሳይሆን በቶኑ ይከታተሉ፣ ፕሮቲኑን በመጨረሻ ያባዙት።

4. ተከታታይነቱ የተሰበረበትን ዓመት ይፈልጉ

ኢትዮጵያን በተመለከተ ሁለት ስብራት አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. 1993 ነው፦ ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ከ1961 እስከ 1992 ያለው መረጃ በሌላ የአገር ስም ተለይቶ ተቀመጠ። ሁለቱን በአንድ መስመር ካገናኟቸው የሚያዩት ዝላይ የንብ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው የስሌት ዘዴው ለውጥ ነው። አሮጌው ተከታታይ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ይሄዳል፣ አዲሱ ከ2010 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ይህ መደራረብ ጥሩ ዕድል ነው፤ ለእነዚያ አራት ዓመታት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን ይለኩ። ልዩነቱ ከዘዴው የመጣ ነው።

የሕዝብ ቁጥሩም አለ። አገራችን የመጨረሻውን ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የነፍስ ወከፉ ማካፈያ ትንበያ ነው። ትንበያው በተከለሰ ቁጥር ካለፉት ዓመታት ግራም ላይም ለውጥ ይመጣል።

5. ቶኑ ራሱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ

የማር ምርት እንደ ስኳር በፋብሪካ በር ላይ አይመዘንም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ገበሬዎችን በናሙና እየጠየቀ የቀፎ ብዛትና ምርት ይገምታል። ባህላዊ ቀፎ ዛፍ ላይ የሰቀለ ሰው ስንት ኪሎ እንዳወጣ በትክክል አይመዝንም፣ ግማሹን ቤት ይበላል፣ ግማሹን ለጠጅ ይሰጣል። ዝናቡ የከፋ ዓመት ምርቱን ያወርደዋልና የአንድ ዓመት መውረድን አዝማሚያ አይበሉት፤ የሦስት ዓመት አማካይ ይውሰዱ።

ጠጅም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ከማራችን ብዙው ጠጅ ቤት ነው የሚገባው። ሠንጠረዡ ውስጥ ይህ ማር በምግብነት ተቆጥሮ ወይም ለማቀነባበር የዋለ ተብሎ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ሁለቱን ዓምዶች ሳያዩ «ሕዝቡ ይህን ያህል ማር ይበላል» አይበሉ። አቅርቦት ማለት ለመብላት የቀረበው ነው፤ የተበላው አይደለም።

6. ውጤቱን ሲጽፉ

ሥዕላዊ ገበታ ከሠሩ ማርን ከእህል ጋር በአንድ መለኪያ አያስቀምጡት፤ የማሩ መስመር ከወለሉ ላይ ይለጠፋል። በለውጥ መቶኛ ከመናገር ይልቅ ግራሙን ከነመነሻው ያስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «የማር ምርት በሦስት ዓመት አማካይ ይህን ያህል ቶን ጨምሯል፤ ለነፍስ ወከፍ ፕሮቲን ያበረከተው ግን ከ0.01 ግራም በታች ነው።» ስለ ስኳር የሚናገሩ ከሆነ ደግሞ ፕሮቲኑን ትተው ወደ ካሎሪው ዓምድ ይሂዱ።