ሕፃናት ይዛችሁ ጢስ ዓባይ ስትመጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ስለሆነ ብዙ ወላጅ ከመኪና ወርዶ ፏፏቴውን አይቶ የሚመለስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ደህና አድርጎ በእግር ያስኬዳል። መጀመሪያ ቁልቁለቱን ወደ ድሮው የድንጋይ ድልድይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ዳገቱ ይመጣል። ቤተሰብ እያስጎበኘሁ ሁሌ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

ወሩን ሳይጠይቁ መምጣት አንዱ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ልጁን «ትልቅ ፏፏቴ ላሳይህ» ብለው አምጥተው ገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ብቻ ሲያይ ፊቱ ይጨማደዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ውሃውን የሚወስዱት ከፏፏቴው በላይ ነው። በበጋ ለገደሉ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ኑ።

በመስከረም ደግሞ ጭቃ አለ። ለበዓል የተገዛ ነጭ ጫማና ክፍት ሰንደል አድርጋችሁ አታምጧቸው። ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል፤ ቅያሪ ካልሲ ያዙ።

አርፍዶ መነሳት፦ ቁርስ፣ ማኪያቶ፣ ቤንዚን ሲባል አራት ሰዓት ይሆንና ዳገቱን በቀትር ፀሐይ ትወጡታላችሁ። አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ውጡ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፎቶ! እባካችሁ ልጅን ገደል አፋፍ ላይ አቁማችሁ ፎቶ አታንሱ። ድልድዩ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት ልሟል፣ ከለላውም ዝቅ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ የሦስት ዓመት ልጅ አስቀምጠው ስልክ ይዘው የሚርቁ ሰዎች አሉ። ከፏፏቴው ፊት ለፊትም እንደዚያው ነው። ጢሱ ሣሩን ቀኑን ሙሉ ስለሚያረጥበው መሬቱ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ከፊታችሁ ያለው ገደል ደግሞ 40 ሜትር ገደማ ነው። አንድ አባት ልጁን «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ» እያለ በስልኩ ስክሪን ብቻ ሲያያት ሮጬ ክንዷን ይዣለሁ። ሰውየው ተቆጣኝ፤ ፎቶውን አበላሸሁበት። እሷ ግን የአባቷን ቃል እየሰማች ነበር፣ ልጅ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ አፋፍ አካባቢ አንድ ልጅ፣ አንድ አዋቂ፣ እጅ ለእጅ። ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ያልያዘ ሰው ነው። አጥር ይኖራል ብላችሁም አትመኑ። ይህን ስነግራቸው «አታካብድ» የሚሉኝ አሉ፤ አካብዳለሁ!

የልጅ ጋሪ መኪና ውስጥ ይቅር። አንቀልባ የመሰለ ነገር የለም።

ሌላው የመመለሻውን ነገር አለማሰብ ነው። ብዙዎች በድልድዩ ሄደው፣ ፏፏቴውን አይተው፣ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግረው ሊመለሱ ያቅዳሉ። ጥሩ ዕቅድ ነው። ግን ውሃው ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጣችሁበትን ዳገትና ቁልቁለት በደከመ ልጅ እግር ልትመለሱ ነው። መግቢያ ትኬት ስትቆርጡ «ዛሬ ጀልባ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ የመጀመሪያው ማያ ቦታ ላይ ቁጭ በሉ፣ ብርቱካንና ዳቦ ቆሎ ብሉ፣ ተመለሱ። ከዚያ ቦታም ፏፏቴው በደንብ ይታያል። የአራት ዓመት ልጅ ሲሄድ ይሮጣል፣ ሲመለስ ይታዘላል፤ ጉልበቱን በመሄጃው ላይ አትጨርሱበት። የሚያዝልላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ከሰፈሩ ወጣቶች አንዱን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ዋጋውንም እዚያው ጨርሱ።

መንገዱ ላይ ያለው ሌላው፣ ተንጠልጣዩ ድልድይ ይወዛወዛል፤ የሚፈራ ልጅ ካለ አትሳቁበት፣ ከብት እስኪያልፍ ጠብቁና በእጁ ይዛችሁ አሻግሩት።

ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ሲያዩ ልጆች ጫማ አውልቀው መግባት ይፈልጋሉ። በጣናና በዙሪያው ቢልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ የሚገባ ትል) አለ፣ አታስገቧቸው።

ወባም አለ፤ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ፣ ጢስ ዓባይ ጥሩ በሚሆንበት ወቅት ማለት ነው። ሆቴላችሁ አጎበር መኖሩን አረጋግጡ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው። ቤት ከተመለሳችሁ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ልጁን ትኩሳት ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ። ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ባሕር ዳር ከርሞ እንደመጣም ንገሯቸውና ደሙ ይመርመር።