የጥንት ገዳም ቤተ ክርስቲያንን ከውስጥ ፎቶ ማንሳት

መጀመሪያ አስፈቅዱ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከተፈቀደላችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ሹተሩ (የካሜራው ብርሃን መዝጊያ) የፈለገውን ያህል ተከፍቶ ይቆይ። ጣታችሁ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ። ካልተፈቀደ ዓምድ ተደገፉና አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ አድርጉት። ፎቶው ትንሽ ቢሻክር ምን ችግር አለው? የተንቀጠቀጠ ግን አይድንም።

ፍላሹን እርሱት። ለቅርጻ ቅርጽ ነፍስ የሚዘራበት ጥላ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ፊት ለፊት መትቶ ድራሹን ያጠፋዋል። ፈረንሳይ፣ ቬዝሌ ያለውን የ12ኛው ክፍለ ዘመን የገዳም ቤተ ክርስቲያን ውሰዱ። አንዱ የዓምድ ራስ ላይ ሙሴ እህል ወፍጮ ውስጥ ሲጨምር፣ ጳውሎስ ከሥር ዱቄቱን ሲቀበል ተቀርጿል። እንዲህ ያለውን እኔ የማነሳው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። የልብሱ እጥፋት አንድ በአንድ ይወጣል። ቅርጹ ከፍ ስለሚል ረጅም ሌንስ ያዙ፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁም ቁሙ። ከሥሩ ሆኖ ማንጋጠጥ መልኩን ያበላሸዋል።

ባለቀለም መስኮት ሲሆን ብርሃኑን ከመስታወቱ ላይ ለኩ፤ ግድግዳው ቢጨልም ይጨልም። ሁለቱንም ካላገኘሁ የሚል፣ በ2 ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርገዋል) ሦስት ፎቶ አንስቶ ኋላ ያዋህድ። ለመስኮት ደመናማ ቀን ይሻላል።

ለጣሪያው ደግሞ ካሜራውን በጀርባው ወለሉ ላይ አስተኙትና ታይመሩን ነክታችሁ ዞር በሉ።