ውሃ የሚተኛበት መረሬ ላይ ስንዴ እንዴት በቀለልኝ

ሰሜን ሸዋ ያለችው ማሳችን መረሬ ናት። ጥቁር፣ ለም አፈር። ግን ሐምሌ ሲገባ ውሃ ይተኛባታል፤ ስንዴው ገና በቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ዩሪያ ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን ነቅዬ አየሁት። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፣ ይሸታል። ለካ ያጣው አየር ነው!

መፍትሔውን ያገኘሁት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ካለችው ከእነዋሪ ገበሬዎች ነው። አፈሩን በእጅ እየሳቡ ሰፊ መደብ ያወጣሉ፤ በጣም አድካሚ ሥራ ነው፣ አክብሮት ይገባቸዋል። እኔም 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ አድርጌ ሠራሁ። ቦዩ ቁልቁለቱን ካልተከተለ ዋጋ የለውም። የመጀመሪያውን አግድም አውጥቼው ውሃው ቆሞ ቀረ፤ እንደገና ቆፈርኩ። አፈር እንዳይሸረሸር ጫፉን ሣር ወዳለበት መውረጃ አገናኘሁት።

አሁን ነሐሴ ነው። ስንዴው አረንጓዴ እንደሆነ አለ።